የከዋክብቱ መጽሐፍና የቀበሌያችን የመጨረሻ ማይም

«ይቺስ?» አለኝ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ ጥቁር ሰሌዳውን በዘንጉ ጫፍ ነካ አድርጎ።

አየኋት። ሁለት እግር አላት፤ ከላይ ጎበጥ ብላለች።

«በርጩማ ትመስለኛለች» አልኩት።

አዳራሹ ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። «ጋሽ ዘለቀ! ይኼ እኮ ሦስተኛ ዙርዎ ነው። ከርስዎ ጋር የጀመሩት እማማ ጥሩነሽ ዛሬ ጋዜጣ ያነባሉ!»

«ይቅናቸው» አልኩ።

«ኧረ እኔ የሞተ ሰው ካለ ብዬ ነው የማየው!» አሉ ጎረቤቴ እማማ ጥሩነሽ ከኋላ ወንበር።

እንደገና ሳቅ ሆነ። ሊቀመንበሩ ዘንጉን አስቀመጠና በስሜ ትይዩ አንድ ቃል ጻፈ። ማንበብ ባልችልም ቃሏ ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ ሦስት ጊዜ ስትጻፍ አይቻታለሁና መልኳን ለምጃታለሁ። «ወደቀ» ነው የምትለው። ቆቤን አንሥቼ፣ እጅ ነሥቼ ወጣሁ። ከአዳራሹ እስከ ቤቴ ያለውን ዳገት እንደዚያን ቀን በቀላል እግር የወጣሁበት ጊዜ የለም።

እንግዲህ እናንተ ፊደል የቆጠራችሁ ሰዎች ፈተና መውደቅን እንደ ቀብር ነው የምታዩት። ልጅ የወደቀ እንደሆነ እናት ታለቅሳለች፣ አባት ቀበቶውን ይፈታል፣ ጎረቤት ሊያጽናና ይመጣና የራሱን ልጅ ውጤት ተናግሮ ይሄዳል። ወድቆ እያፏጨ ቤቱ የሚገባ ሰው ግን አይታችሁ አታውቁ ይሆናል። እነሆ እኔ አለሁላችሁ። የወደቅሁትም በድንቁርና አልነበረም፤ በጥረት ነበር። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

እኔ ወሬ የማበዛ ሰው አይደለሁም። ሸማኔ ነኝ። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ጨምሮ ነው የሚውለው፤ ጉለሌ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ኖሬ ግማሹ ጎረቤቴ የሚያውቀኝ ከወገቤ በላይ ያለውን ብቻ ነው። ሰው መጥቶ በራፌ ላይ ይቆማል፣ ያወራል፤ እኔ መወርወሪያዬን እወረውራለሁ። እሱ ይጨርሳል፣ «ጥሩ ተጫወትን ጋሽ ዘለቀ» ብሎ ይሄዳል። አንድ ቃል ሳልተነፍስ ጨዋታ አዋቂ ተብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህችንም እኔ እናገራታለሁ እንጂ የሚጽፋት ሌላ ነው፤ ቃሉ ካማራችሁ ለሱ፣ ነገሩ ከከፋችሁ ለኔ በሉት።

ነገሩ የተጀመረው በሽምብራ ቆሎ ነው።

አልጋነሽ የምትባል፣ አርባ ዓመት የሞላት፣ ባንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት የሆነች ሴት ከግድግዳዬ ጀርባ ባለችው ክፍል ለብቻዋ ትኖር ነበር። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ደብዳቤ ስትመታ ትውልና ቤቷ ስትገባ ጣቶቿን ለብ ባለ ውሃ ትዘፈዝፋለች። አንድ ቀን ከቀጨኔ ቆሎ ገዝታ ስትመጣ ዓይኗ ከመጠቅለያው ላይ አረፈ። መንገድ ላይ ቆማ አነበበች። ቆሎው እየፈሰሰ አነበበች። ከዚያ ዞራ ወደ ባለሱቁ ሮጠች። ባለሱቁ መጽሐፉን ከመደርደሪያው ጎን በሽቦ አንጠልጥሎ፣ እየገነጠለ ይጠቀልልበታል። ሽፋኑ፣ የደራሲው ስምና የመጀመሪያው ታሪክ በሙሉ በርበሬና ቆሎ ተጠቅሎባቸው በየሰው ጓዳ ገብተው ቀርተዋል። የተረፈውን በአንድ ክምር አሮጌ ጋዜጣ ለውጣ፣ እንደ ሕፃን አቅፋ ይዛው መጣች።

ዐሥር ታሪኮች ተርፈውታል። ስም የለው፣ አባት የለው፣ ግን ዐሥር ታሪክ አለው።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«የሳይንስ ልብ ወለድ ይባላል ጋሽ ዘለቀ። ከፈረንጅ አገር ተተርጉሞ ነው። ያልሆነ ነገር ነው፤ ግን አንድ ቀን ሊሆን ይችላል ተብሎ የተጻፈ።»

«እንደ መንግሥት ዕቅድ?»

መጀመሪያ በሩን አየች። ቀጥላ ነው የሳቀችው። ያን ጊዜ ሳቅ በዚህ ቅደም ተከተል ነበር የሚሄደው።

በነዚያ ዓመታት ማንበብ የሚችል ሁሉ ለማይችለው ያስተምር ተብሎ ነበርና አልጋነሽም በመጀመሪያው ዙር ለወደቅን ሰዎች የማጠናከሪያ አስተማሪ ሆና ተመደበች። የመጀመሪያውን ዙር የወደቅሁት በእውነት ነው፤ ይህን እወቁልኝ። አምስት ነበርን። አንዱ አገሩ ገባ፣ ሦስቱ አለፉ፣ እኔ ቀረሁ። ጉልበቴ ከአዳራሹ አግዳሚ ወንበር ጋር ስላልተስማማ፣ ትምህርቱ እኔው ቤት፣ ከሽመናዬ አጠገብ፣ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሁለት ሰዓት እንዲሆን ሊቀመንበሩ በደብዳቤና በማኅተም ፈቀደ።

የዚያ ማኅተም ዋጋ በዚያ ዘመን ላልኖረ ሰው አይገባውም። የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ የሴቶች ማኅበር አለ፤ የሸማኔዎች ማኅበር አለ፤ የጽዳት ዘመቻ አለ፤ የስኳር ሰልፍ አለ፤ ስብሰባ ስለሚቀሩ ሰዎች የሚነጋገር ሌላ ስብሰባ አለ። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ከተገኘ አንድ ነገር እያሴረ ነው። ማይምነት እየጠፋ ባለበት ሰዓት ግን ማንም ማንንም አይጠራም። የቀበሌ ጥበቃው እንኳ በራፌ ላይ ሲደርስ ኮቴውን ያለዝባል። ከሳምንቱ ውስጥ አልጋነሽና እኔ የራሳችን የምንሆንባቸው ሰዓቶች እነዚያ አራቱ ብቻ ነበሩ።

መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ፊደል ታሳየኛለች። ከዚያ መማሪያውን አጥፋ፣ ከቦርሳዋ ያንን ሽፋን የለሽ መጽሐፍ ታወጣና «አሁን ደግሞ የማዳመጥ ልምምድ» ትላለች። እኔ ሸማዬን እየሠራሁ እሰማለሁ።

ምን ብዬ ልንገራችሁ! አንዱ ታሪክ ውስጥ ሰዎች በየፊናቸው የሚናገርላቸው ሣጥን ይሰጣቸዋል። ሣጥኑ ጎረቤት ሰላም ይላል፣ ይከራከራል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሽማግሌ ሆኖ ያስታርቃል፤ ሰዎቹ ዝም ብለው ይኖራሉ። አንድ ቀን ያንዱ ሰው ሣጥን ይበላሽና በገዛ ድምፁ «እንደምን አደርክ» ቢለው ጎረቤቱ ደንግጦ በሩን ይዘጋበታል። ያን ታሪክ የሰማሁ ዕለት ማታ ቀበሌ ስብሰባ ነበረብን። ሰው ሁሉ እየተነሣ አንድ ዓይነት ነገር ይናገራል፣ ይጨበጨባል፣ ይቀመጣል። እኔ ዙሪያዬን እያየሁ ሣጥኖቹን እፈልግ ነበር።

ሌላው ላይ ማናቸውንም ጥያቄ የሚመልስ ትልቅ መኪና ይሠራሉ። መኪና ስል የሚነዳውን አይደለም፤ የሚያስበውን ነው። ንጉሡም ወታደሩም ነጋዴውም እየመጣ ስለ ነገ ይጠይቀዋል፣ ይመልሳል። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ትመጣና «ደክሞሃል?» ትለዋለች። መኪናው ሦስት ቀን ሙሉ ዝም አለ። በቃ፣ ታሪኩ ያ ነው። አልጋነሽ ጨርሳ መጽሐፉን ስታጥፍ መወርወሪያዬ እጄ ላይ እንደቀረ አየሁ። የዚያን ቀን አንድ ክንድ ሸማ እንኳ አልሠራሁም።

ሰፈሩን ያወከው ግን ያ ወደ ኮከብ ሄዶ የተመለሰው አባት ነው። ሰውየው በበራሪ ነገር ርቆ ይሄዳል። እዚያ ሲደርሱ ጊዜው ይለግማል መሰለኝ፣ እሱ ጥቂት ዓመት ቆይቶ የሄደበትን ጎልማሳ መልክ እንደያዘ ሲመለስ፣ ትቶት የሄደው ሕፃን ልጁ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ሆኖ በምርኩዝ ይቀበለዋል። ቤት ይገባሉ። ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ወንበር ነው። ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቃል።

«ልጅየው ይነሣ!» አሉ በአጥር ላይ ሲሰሙ የቆዩት እማማ ጥሩነሽ። «አባት አባት ነው!»

«እማማ፣ ሰማንያ ዓመቱ እኮ ነው፤ መቆም አይችልም!» አለች አልጋነሽ።

«ታዲያ አርጅ ያለው ማን ነው? አባቱን መጠበቅ አይችልም ነበር?»

ክርክሩ ሳምንት ቆየ። በውሃ ቧንቧው ሰልፍ ላይ ሁለት ሴቶች ተኮራረፉበት። ግማሹ ሰፈር አባትየው ልጁን «አንቱ» ይበለው አለ፣ ግማሹ ነውር ነው አለ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ ወንበር ጨምሩ እል ነበር።

ስንት ጊዜ አስነበብኳት መሰላችሁ። ዘጠኙን ታሪክ እየመላለሰች አንብባልኝ፣ ዐሥረኛውን ግን ሁለታችንም ለክፉ ቀን እንደሚቀመጥ እህል አቆየነው። እኔ ደግሞ ፊደል አይያዝልኝ እንጂ የሰማሁት አይጠፋኝም። ከየታሪኩ የቱ ቃል ከየቱ እንደሚቀጥል፣ ገጹን የት ላይ እንደምትገልጥና እዚያ ላይ ትንፋሿን እንደምትስብ ሁሉ ልቤ ውስጥ ተቀርጿል።

እንግዲህ አስቡት። ካለፍኩ አልጋነሽ ሽቅብ ቁስቋም ትመደባለች፤ እዚያ ገና ፊደል ያላዩ ብዙ ሰዎች አሉ ተብሏል። መጽሐፉም አብሯት ይሄዳል። ከወደቅሁ ቅዳሜና እሁዴ ይኖራሉ። ምን ታደርጉ ነበር? እኔማ ወደቅሁ። በሁለተኛው ዙር «አላስታውስም» እያልኩ ወደቅሁ። በሦስተኛው፣ እንደነገርኳችሁ፣ በበርጩማ ወደቅሁ። ለአልጋነሽ አልነገርኳትም። ጠርጥራ እንደሆነም እሷም አልነገረችኝ።

ታዲያ ችግሩ፣ ቀበሌያችን ባንዲራ ሊሸለም ነው። ማይም የሌለበት ቀበሌ ተብሎ። ሁሉም ሰው አልፏል፤ ዓይናቸው የማያይ ሰዎች እንኳ በልዩ ፈቃድ ተሠርዘዋል። የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ አንደኛ ይሆናል ይባል የለ፣ እኔ የመጨረሻ በመሆን አንደኛ ሆንኩ። መንገድ ላይ ሳልፍ ሕፃናት ያሳዩኝ ጀመር።

ከሦስተኛው ፈተና በኋላ ባለው ሳምንት ሊቀመንበሩ ራሱ ቤቴ መጣ። ከጉድጓዴ አፋፍ ላይ ቁጢጥ አለ።

«ጋሽ ዘለቀ፣ እንደ አባቴ ነው የማይዎት።»

መወርወሪያዬን ወረወርኩ።

«ባንዲራውን ይተዉት። እኔ ባንዲራ አልበላም። ነገሩ ወደ ሌላ እየሄደ ነው። አንድ ሰው ሁለት ዙር ሙሉ አስተምራ ማሳለፍ ያቃታት አስተማሪ፣ ወይ ሰነፍ ናት ወይ አሻጥር ነው ብለዋል በላይ ያሉት። በሚመጣው ሰኞ ከበላይ ጽሕፈት ቤት ፈታኝ ይመጣል። ያን ቀን ካላለፉ፣ አልጋነሽ ስብሰባ ላይ ቀርባ ግለ ሂስ ታደርጋለች፤ ለመሥሪያ ቤቷም ደብዳቤ ይጻፋል። ደብዳቤውን የምፈርመው ደግሞ እኔው ነኝ። እጄን አያስቆሽሹኝ።»

መወርወሪያዬ ቆመ። እንደዚያ ያለ ደብዳቤ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ማንበብ መቻል አያስፈልግም። ሥራዋን ካጣች ቤቷን ታጣለች፤ አሻጥር የምትለዋ ቃል ከተጨመረችበት ደግሞ ሌላም ልታጣ ትችላለች።

«አልፋለሁ» አልኩት።

«ይችላሉ?»

«እስካሁን እምቢ ብዬ ነው» አልኩ በልቤ። በአፌ ግን «እሞክራለሁ» አልኩ።

እሱ እንደወጣ መማሪያውን አነሣሁና የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። በትዕቢት ነው የገለጥኩት፤ ሀብቱን ደብቆ ደኻ ነኝ ሲል የኖረ ሰው ሣጥኑን እንደሚከፍት። ፊደሎቹ ተደርድረው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። አንዷ በርጩማ ትመስላለች። አንዷ መንጠቆ ትመስላለች። ሌሎቹም የሆነ የሆነ ነገር ይመስላሉ። ስማቸው ግን የለም። በዜማ በሉኝ ካላችሁ ከሀ እስከ ፐ እወርድላችኋለሁ፤ ጣቴን አንዷ ላይ አድርጌ ማን ናት ስል ግን ታፈጥብኛለች።

ለካ ሳስመስል የኖርኩት እውነቱን ነው።

ይህን ነገር ቆም ብላችሁ እዩልኝ። አንድ ዓመት ሙሉ የማውቀውን ነገር የማላውቅ እያስመሰልኩ ሁሉን ሰው አታለልኩ እያልኩ ስደሰት፣ የተታለለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጧል።

ቅዳሜ አልጋነሽ ስትመጣ ዐሥረኛውን ታሪክ ልንጀምር ቀጠሮ ነበረን፤ ጀመረችውም። ደብዳቤ የሚያደርስ መኪና ነው። ከአንድ ዓለም ወደ ሌላ ዓለም የታሸገ ደብዳቤ ይዞ ሁለት መቶ ዓመት በጨለማ ውስጥ ይጓዛል። ምሥጢሩን እንዳያወጣ ሲሠሩት ማንበብ ከልክለውታል። እሱ ግን ብቻውን ነውና መንገዱን ሙሉ ደብዳቤው ምን ይል ይሆን እያለ ያስባል። በመጨረሻ ይደርሳል። ያሉት ሰዎች የተቀባዩ የልጅ ልጅ ልጆች ናቸው፤ ደብዳቤውን ሲከፍቱት ያንን ጽሑፍ የሚያውቅ ከመካከላቸው አንድም ጠፋ። ከዚያ ሁሉም ዞረው መልእክተኛውን አዩት። «አንተ ሁለት መቶ ዓመት ይዘኸዋል» አሉት። «ምን ይላል?»

«ጠብቂ» አልኳት።

አልጋነሽ ቀና አለች። አቋርጫት አላውቅም ነበር።

«ሰኞ ማለፍ አለብኝ። ሀ የትኛዋ ናት?»

መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ፊቴን አየችና ተወችው። የሊቀመንበሩን ነገር ነገርኳት፤ እሷ ግን አስቀድማ ሰምታለች፤ ለኔ ላለመንገር ነበር የያዘችው። ሁለት ዙር ሆን ብዬ እንደወደቅሁም ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለች። ሆን ብዬ እንዳልሆነ ስነግራት ግን አፏን በእጇ ያዘች።

መጽሐፉን አጠፈች። ያን ቅዳሜና የማግስቱን እሁድ ሙሉ ፊደል ስንቆጥር ዋልን፤ ዐሥራ ሁለት ያህል ያዝኩ። እሁድ ስትሄድ ከዐሥራ ሁለቱ አራቱ አብረዋት ሄዱ።

ሰኞ አዳራሹ ሞላ። ፈታኙ መነጽር ያደረገ፣ ቀጭን፣ ሠላሳ ያልሞላው ሰው ነው። ሊቀመንበሩ መማሪያውን ገልጦ በፊቴ አኖረው። የመጀመሪያውን ትምህርት አልጋነሽ ደጋግማ አንብባልኝ ስለነበር ልቤ ተረጋጋ፤ በቃሌ ልለው ተዘጋጀሁ።

ፈታኙ መማሪያውን ዘጋው።

«ይኼን አልቀበልም» አለ። «በየቀበሌው ሰው ይህን በቃሉ ነው የሚወጣው። ሌላ መጽሐፍ ያለው አለ? ማናቸውም ይሁን።»

ሊቀመንበሩ ጣራ ጣራውን አየ። ከዚያ ከጎኔ የቦርሳ ዚፕ ሲከፈት ሰማሁ። አልጋነሽ ያንን መጽሐፍ አውጥታ ሰጠችው።

ፈታኙ አገላበጠው። «ሽፋኑስ?»

«ቆሎ ተጠቅሎበታል» አለች።

ደስ እንዳለው ከፈተና በጣቱ አሳየኝ። «ከዚህ ገጽ ይጀምሩ።»

አየሁ። ፊደሉን አላየሁም፤ ቁስሉን ነው ያየሁት። ያን መጽሐፍ ገጽ በገጽ በቁስሉ አውቀዋለሁ፤ የቱ ጋ ዘይት ነክቶታል፣ የቱ ጋ ሽቦው ቀዶታል። በዚህኛው ገጽ ራስ ላይ የባለሱቁ አውራ ጣት በበርበሬ ቀልታ ታትማለች። አባትየው የተመለሰበት ገጽ ነው። ደግሞም አልጋነሽ ትንፋሿን ስባ የምትገልጠው እዚያ ላይ ነው፤ ከየትኛው ቃል እንደሚጀምር አውቃለሁ።

«‹ልጁ ከደጃፉ ላይ በምርኩዝ ቆሞ ይጠብቀው ነበር›» አልኩ።

ጣቴን በመስመሩ ላይ አስኬድኩ። በዝግታ፣ አሁን እንደተማረ ሰው እየተንገታገትኩ ሄድኩ። ‹አባትየው የልጁን ሽበት አየ። ልጁም የአባቱን ጥቁር ጢም አየ።› ‹ማናቸው ለማናቸው እጅ እንደሚነሣ አላወቁም። ወይ ጉድ!›

«‹ወይ ጉድ› ይላል እዚያ?» አለ ፈታኙ።

ጣቴ መስመሩ ላይ ቆመ። አልጋነሽ ነበረች ሁልጊዜ እዚያ ጋ ስትደርስ እንዲያ የምትለው። ስንት ጊዜ ስትለው ሰምቼ ከታሪኩ ጋር አብሬ ሸምኜዋለሁ።

«አይልም» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

«እሺ፣ ይቀጥሉ።»

ገለጥኩ፤ ቀጠልኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ፈታኙ ወረቀቱን ትቶታል። ሦስተኛው ላይ መነጽሩን አውልቋል። «‹ቤት ገቡ›» አልኩ። «‹በቤቱ ውስጥ የነበረው አንድ ወንበር ብቻ ነው።›» ጣቴን ከገጹ ላይ አነሣሁ።

«ከዚያስ?» አለ።

«አለቀ።»

«እንዴት ያልቃል? ማን ተቀመጠ?»

«አይናገርም።»

መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ ገጹን ገለጠ፤ መለሰ፤ እንደገና ገለጠ። እውነትም አይናገርም። «አባቴ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ከዚያ በስሜ ትይዩ አንድ ቃል ጻፈ። አየኋት፤ ለምጄ ከማውቃት መልኳ የተለየ ነው። ሊቀመንበሩ ማጨብጨብ ሲጀምር ምን እንደምትል ገባኝ።

ሰው በላይ በላዩ ሲያቅፈኝ፣ እማማ ጥሩነሽ «ልጅየው ይነሣ ነው የምለው!» እያሉ ለማንም ሲያስረዱ፣ ፈታኙ መጽሐፉን በብብቱ እንደያዘ ወደኔ ጠጋ አለ።

«አባባ፣ ይህን ለአንድ ሳምንት ያውሱኝ። እርስዎ እንደሁ ደጋግመው አንብበውታል።»

ዐሥረኛው ታሪክ አላለቀም። መልእክተኛው እዚያ ዓለም ላይ በሰዎች ተከቦ እንደቆመ ነው። ይህን ብናገር ግን፣ «ታዲያ እዚሁ ያንብቡልኝና እንጨርሰው» የሚል ይመጣል፤ ከዚያም ሌላ ጥያቄ። አልጋነሽን አየኋት፤ ወለሉን ታያለች።

«ይውሰዱት» አልኩ። ማንበብ በቻልኩ ሰዓት መጽሐፉ ከእጃችን ወጣ።

ሳምንቱ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ፈታኙ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛውሯል አሉ። ሌባ ነው አልልም፤ ምናልባት እስከዛሬም እየገለጠ ማን እንደተቀመጠ ይፈልግ ይሆናል። ባንዲራው ቀበሌው በር ላይ ተሰቀለ፤ ዝናብ መታውና ቀለሙ ወረደ። እኔም የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ግድግዳዬ ላይ ስሰቅለው የትኛው ጎን ወደ ላይ እንደሚሆን እማማ ጥሩነሽን ጠየቅኋቸው። አዩኝ። ምንም ሳይሉ አቃንተው ሰቀሉልኝ። ለማንም አልተናገሩም፤ ለእማማ ጥሩነሽ ይህ ከማንበብ የሚከብድ ትግል እንደነበረ አውቃለሁ።

አልጋነሽ ቁስቋም ተመደበች። ሥራዋም ቤቷም ተረፉላት። ቅዳሜና እሁድ ግን ዳገቱን ትወጣለች፣ ስትመለስ መሽቶ እግሯ አብጦ ነው። እኔ ደግሞ ያለፍኩ ሰው በመሆኔ ጊዜ አለኝ ተብሎ የጽዳት ኮሚቴ ውስጥ ገባሁ። በግድግዳው በኩል ስትስል እሰማታለሁ፤ እሷም መወርወሪያዬን ትሰማ ይሆናል።

አንድ እሁድ ዝናብ ጥሎ የቁስቋሙ ትምህርት ቀረ። ከሰዓት በኋላ፣ ልክ በድሮው ሰዓታችን መጥታ ከበራፌ ላይ ተቀመጠች። ባዶ እጇን ነበረች። ጣቶቿን ታሻሻለች። እኔ ጥለቱን ይዤ እሠራለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል።

እኔ ወሬ የማበዛ ሰው አይደለሁም ብያችኋለሁ። ያን ቀን ግን አልቻልኩም።

«አልጋነሽ፣ ያ መልእክተኛ ምን መለሰላቸው?»

ቀና ብላ አየችኝ። መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ በሩን ሳታይ።

«እኔን ይጠይቁኛል? ከዚያ ታሪክ ከርስዎ ቀድሜ አንድ ገጽ እንኳ ገልጬ አላውቅም፤ አብረን እንድንደርስበት ብዬ። እርስዎ አይደሉም እንዴ ይህን ያህል ጊዜ በሆድዎ ይዘውት የኖሩት? እስኪ ይንገሩኝ ጋሽ ዘለቀ፤ ደብዳቤው ምን ይላል?»